የግራውንድ ትስስር መሞከሪያ ስንመርጥ አምፔሩን በምን እንወስን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው የኤሌክትሪክ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ በሚገጣጥም ድርጅት የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ነው። የግራውንድ ሽቦው ከዕቃው የብረት አካል ጋር መያያዙን እስካሁን የምናረጋግጠው በመልቲሜትር ነው፤ አሁን ግን ለዚሁ ሥራ የተሠራ መሞከሪያ ሊገዛ ስለሆነ የውሳኔ ሐሳብ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። የቀረቡልን ሦስት መሣሪያዎች እስከ 10፣ እስከ 30 እና እስከ 40 አምፔር የሚሰጡ ናቸው። ምርቶቻችን ከ16 አምፔር በላይ አይወስዱም። መልቲሜትሩ የማይበቃበትን ምክንያትም ለአለቆቼ ማስረዳት ስላለብኝ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1

ከመልቲሜትሩ ልጀምር። የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ደኅንነት የሚመለከተው አይ ኢ ሲ 60335-1 የተባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ከግራውንድ ተርሚናሉ እስከ ብረት አካሉ ያለው ሬዚስታንስ (ከረንት እንዳያልፍ የሚያደርገው ተቃውሞ) ከ0.1 ኦም እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙዎቹ መልቲሜትሮች ለይተው ማሳየት የሚችሉት ትንሹ መጠን ራሱ 0.1 ኦም ነው፤ የመለኪያ ሽቦዎቻቸው ሬዚስታንስም ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሚልኩት ከረንት እጅግ አነስተኛ መሆኑ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካላቸው 50 ያህል የመዳብ ክሮች የተሠራ ነው። ሽቦው ሲላጥ ክሮቹ ተቆርጠው አንዷ ብቻ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዘርግታ ተርሚናሉን ብትይዝ፣ የምትጨምረው ሬዚስታንስ ከ10 ሚሊ ኦም (0.01 ኦም) ብዙም ስለማይበልጥ መልቲሜትሩ ዕቃውን ደኅና ነው ብሎ ያሳልፈዋል። 25 አምፔር ሲላክባት ግን ወዲያው ግላ ትበጠሳለች። ኃይል የተሸከመ ሽቦ የምድጃውን አካል በነካ ጊዜ ብሬከሩ እስኪወርድ ድረስ በግራውንዱ የሚያልፈው ከረንት ከዚህም እጅግ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ጉድለቱ መገኘት ያለበት በፋብሪካው ውስጥ እንጂ በተጠቃሚው እጅ ላይ አይደለም።

ስታንዳርዱ የሚጠይቀው ከረንት የዕቃው ከረንት በ1.5 ተባዝቶ የሚገኘውን ወይም 25 አምፔርን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው። የእናንተ 16 በ1.5 ሲባዛ 24 ስለሚሆን 25 አምፔር ይወስናል ማለት ነው። ባለ 30 አምፔሩ ይበቃችኋል።

መልስ 2

በዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። 25 አምፔሩ የተደነገገው ለዓይነት ሙከራ ነው፤ ማለትም የአንድ ሞዴል ናሙና ሲመረመር። በምርት መስመር ላይ ለሚደረገው የየዕለት ሙከራ የዚያው ስታንዳርድ አባሪ ቢያንስ 10 አምፔር እንዲላክ ብቻ ይጠቁማል፤ ገመዱ አብሮ ለሚለካበት ዕቃም እስከ 0.2 ኦም ይፈቅዳል። ስለዚህ ባለ 10 አምፔሩን በደፈናው የማይረባ ማለት አይቻልም። እኔ ግን ባለ 30ውን እመርጣለሁ፤ ናሙናዎችን በራሳችሁ በ25 አምፔር መመርመር ያስችላችኋልና።

ከአምፔሩ ይልቅ ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ሽፋኑ ላይ 30 አምፔር ተብሎ ቢጻፍም፣ መሣሪያው ያንን ከረንት በ0.1 ኦም ላይ ለማሳለፍ 3 ቮልት ያስፈልገዋል። የራሱ የመለኪያ ገመዶችም ድርሻ አላቸው፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ በሜትር 5 ሚሊ ኦም ያህል ስላለው፣ ሄዶ መለስ 4 ሜትር ሲሆን ሌላ 0.6 ቮልት ይወስዳል። በሙሉ ከረንት እስከ ስንት ሚሊ ኦም መለካት እንደሚችል ከሻጩ በጽሑፍ ጠይቁ። መለኪያው ባለአራት ሽቦ መሆኑንም አረጋግጡ፤ ሁለቱ ሽቦዎች ከረንቱን ሲያደርሱ ሁለቱ ቮልቱን ከክላምፑ (ዕቃውን ቆንጥጦ ከሚይዘው መቆንጠጫ) ጫፍ ስለሚያነቡ የገመዱ ሬዚስታንስ በውጤቱ ውስጥ አይገባም። ክላምፑ ደግሞ ቀለም ያልተቀባ ብረት መንከስ አለበት።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደፊት 32 አምፔር የሚወስድ ትልቅ ምድጃ ለማምረት ታቅዷል። ታዲያ ባለ 40ው አይሻልም?

መልስ 2

32 በ1.5 ሲባዛ 48 ስለሚሆን ባለ 40ውም ለዓይነት ሙከራው አይደርስም። 40 አምፔር በይበልጥ የሚያስፈልገው ለ2 ደቂቃ ያህል እንዲላክ የሚጠይቁ አንዳንድ የሰሜን አሜሪካ ስታንዳርዶችን ለሚከተል አምራች ነው። የዚያን ምድጃ ናሙና ለዓይነት ሙከራ ዕውቅና ላለው ላቦራቶሪ ስጡ፤ የየዕለቱን ሙከራ ባለ 30ው ይሠራዋል።

መልስ 3

ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። በግዢ ጥያቄው ላይ “ግራውንድ መሞከሪያ” ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ሬዚስታንስ የሚለካው መሣሪያም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ያንን ልታገኙ ትችላላችሁ። ሌላው፣ በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሞከሪያውን መጠኑ በታወቀ ባለ 100 ሚሊ ኦም ሬዚስተር ፈትሹ። በ25 አምፔር 62.5 ዋት ሙቀት ስለሚያመነጭ ሬዚስተሩ ይህን የሚችል መሆን አለበት፤ ተራ ትንሽ ሬዚስተር ይቃጠላል።