ለ25 ጫጩቶች የቱ ይሻላል፦ ክብ ካርቶን ወይስ የጣውላ ሳጥን?

ለ25 የአንድ ቀን ጫጩቶች በእጄ የምሠራውን ማሳደጊያ መምረጥ ስላቃተኝ እባካችሁ እርዱኝ። ክብ አድርጌ የማቆመው ወፍራም ካርቶን ማዕዘን ስለሌለው ጫጩቶቹ ሲበርዳቸው ጥግ ላይ ተደራርበው አይታፈኑም፤ ግን ውኃ ሲነካው ይላሽቃል፣ አምፖል ቢወድቅበትም ይቀጣጠላል። ሌላው 1 በ1.5 ሜትር የጣውላ ሳጥን ነው፤ ክዳኑ የሽቦ ወንፊት፣ ጉዝጓዙ 5 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ።

ሙቀቱን በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ አድርጌ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል መቀነሱ አይከብደኝም። የጨነቀኝ አምፖሉ ነው። ባለ 250 ዋቱን 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በሰንሰለት ከአንዱ ጫፍ ባንጠለጥለው፣ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቀዝቃዛ ቦታ ይተርፋል? ወይስ አንዱ ቢቃጠል ሌላው እንዲያቆያቸው ሁለት ባለ 100 ዋት ልስቀል? ሳጥኑን ከመረጥኩ ማዕዘኖቹን በካርቶን ማጉበጥ መታፈኑን ይከላከላል?