በምሥራቅ ባዳዋቾ የቦሎቄ ዘር ለማባዛት የትኛው ዝርያ ይሻለናል? በየትኛው የዘር ደረጃስ እንጀምር?

ጥያቄ፦ ከምሥራቅ ባዳዋቾ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሀዲያ ዞን ምሥራቅ ባዳዋቾ ወረዳ፣ ማሳችን የተያያዘ ገበሬዎች ተሰባስበን ባቋቋምነው የዘር አባዢዎች ማኅበር ስም ነው። በአካባቢያችን በበልግ በቆሎ ይዘራል፤ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ደግሞ ቦሎቄ እንዘራለን። አብዛኛው ገበሬ የሚዘራው ቦሎቄ ከሾኔ ገበያ የተገዛ እህል ስለሆነ ቀዩ ከዥጉርጉሩ፣ አጭሩ ከሐረጋሙ ተደባልቆ ይበቅላል፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና በአበባ ላይ ይገኛል፤ ነጋዴውም ድብልቁን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል። ይህን በማየት ስምንት ሄክታር ያህል በኩታ ገጠም አዘጋጅተን በተቆጣጣሪ ተፈትሾ የተመሰከረለት ዘር ለማባዛት ተስማምተናል።

ሆኖም በአባላቱ መካከል የሐሳብ ልዩነት አለ። ገሚሱ ሀዋሳ ዱሜ እንዝራ ሲል፣ ገሚሱ ናስር ይሻላል ይላል፤ ሌሎች ደግሞ ኢባዶ ፍሬው ትልቅ በመሆኑ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል ባዮች ናቸው። ጥቂት አባላት ቦሎቄውን ከነጭራሹ ትተን ለአንድ ድርጅት በውል የዲቃላ በቆሎ ዘር ብናባዛ ገቢያችን ይበልጣል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። መሥራች ዘር፣ ማለትም የተመሰከረለት ዘር የሚባዛበት መነሻ ዘር፣ ከየት እንደሚገኝ፣ ማሳውን ማን እንደሚፈትሽ፣ ደግሞም በቀጥታ ወደ ተመሰከረለት ዘር ከመግባት ይልቅ ጥራቱ የተገለጸ ዘር ከሚባለው ደረጃ መጀመር ይበጅ እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦ የዘር ብዜት ባለሙያ፣ ሀዋሳ

የተከበሩ ጠያቂ፣ ማኅበራችሁ የያዘው ሐሳብ በአካባቢው በእጅጉ የሚያስፈልግ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በዝርያ ላይ ከመከራከራችሁ በፊት ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ ይኖርባችኋል፤ መሥራች ዘሩን የሚሰጣችሁ ማን እንደሆነና የምታመርቱትን ዘር የሚገዛው ማን እንደሆነ። እነዚህ ሁለቱ ባልታወቁበት ሁኔታ የትኛውም ዝርያ ቢመረጥ ምርቱ በመጨረሻ በእህል ዋጋ ይሸጣል።

በመጀመሪያ ስለ ዲቃላው በቆሎ ልናገር፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ስለሚስብ ብዙ ማኅበራት በዚህ ይሳባሉ። በቆሎ በነፋስ የሚዳቀል ሰብል ስለሆነ የዘር ማሳው ከሌላ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር መራቅ አለበት። ስምንት ሄክታራችሁ 400 ሜትር በ200 ሜትር የሆነ መሬት ነው ብለን ብናስብ፣ በዙሪያው በየአቅጣጫው 200 ሜትር ሲጨመር ከ35 ሄክታር በላይ የጎረቤት መሬት በዚያ ወቅት በቆሎ እንዳይዘራበት ማድረግ ያስፈልጋል። በባዳዋቾ በበልግ በቆሎ የማይዘራ ማን አለ? ጎረቤትን ከእንጀራው ከልክሎ የሚባዛ ዘር ሰላም አይሰጥም። በዚህ ላይ ዲቃላ ዘር የሚገኘው ሴቴና ወንዴ የሚባሉ ሁለት የወላጅ መስመሮች ጎን ለጎን ተዘርተው ሲዳቀሉ ስለሆነ፣ በሴቴው መስመር ላይ ያለው የወንዴ አበባ የአበባ ዱቄት ሳይበትን በየቀኑ እየተዞረ መነቀል አለበት፤ ሁለት ቀን ከተዘለለ ማሳው በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። የወላጅ መስመሮቹም በእናንተ እጅ አይደሉም፤ ከዝርያው ባለቤት ወይም ከድርጅቱ ካልመጡ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ የለም። በመስኖ፣ ሌላ በቆሎ በሌለበት ወቅትና በሰፊ መሬት ላይ ከሚያባዙ እርሻዎች ጋር በዚህ መወዳደር አይገባችሁም።

ቦሎቄ ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚዳቀል ሰብል ነው። ከሌላ ዝርያ በጥቂት ሜትር መለየት ይበቃዋል፤ የማሳው ድንበርም በገበሬው አቅም ሊጠበቅ የሚችል ነው። ትላልቅ የዘር ድርጅቶች በቦሎቄ ላይ ብዙም የማይተጉበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። መልካሳ 2 የተባለውን፣ ዲቃላ ያልሆነውን በቆሎ ብንወስድ ለአንድ ሄክታር 25 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል፤ ከአንድ ሄክታር የዘር ማሳ 30 ኩንታል ዘር ቢገኝ 120 ሄክታር ይዘራበታል። ቦሎቄ ግን ፍሬው እንደ ሀዋሳ ዱሜ ትንሽ ቢሆን እንኳ በሄክታር ወደ 70 ኪሎ ይፈልጋል፤ ከአንድ ሄክታር 15 ኩንታል የተበጠረ ዘር ቢገኝ የሚዘራበት 21 ሄክታር ብቻ ነው። በዚህ ላይ ገበሬው የገዛውን ዘር ለጥቂት ዓመታት ራሱ እያስቀረ ሊዘራው ስለሚችል በየዓመቱ ተመልሶ አይገዛም። ዘሩ ከባድ ነው፣ ብዜቱ ቀርፋፋ ነው፣ ገዢው በየዓመቱ አይመጣም። ስለዚህ የቦሎቄ ዘር ሩቅ መጓዝ የለበትም፤ በሚዘራበት አካባቢ በሚኖሩ ማኅበራት መባዛት ያለበት ሰብል ነው። የእናንተ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ዘር ደረጃ፦ አራቢ ዘር (የዝርያው የመጀመሪያ ንጹሕ ዘር) እና ከእርሱ የሚባዛው ቅድመ መሥራች ዘር በምርምር ማዕከላት ይመረታሉ፤ ከእነዚያ መሥራች ዘር ይባዛል፤ የተመሰከረለት ዘር ደግሞ ከመሥራች ዘር ይገኛል። ስለዚህ ወደ ምርምር ማዕከሉም ሆነ ወደ ዘር ድርጅቱ የምትሄዱት የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ሳይሆን ካለፈው አጨዳ ማግስት ጀምሮ ነው፤ የሚመረተው መሥራች ዘር ሁልጊዜ ከፍላጎቱ ያነሰ ነውና አስቀድሞ ያላስመዘገበ አያገኝም። ጥራቱ የተገለጸ ዘር የሚባለው ደረጃ የአካባቢ አምራቾች በቀለለ ቁጥጥር ዘር እንዲያመርቱና በአካባቢያቸው እንዲሸጡ የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዘር አዋጅ ገበሬ ከገበሬ የሚለዋወጠውን የራሱን ዘር ከአዋጁ ውጭ አድርጎ ነበር፤ ማኅበር ሆናችሁ በዘርነት ለሕዝብ ስትሸጡ ግን ምዝገባና ፍተሻ ግድ ይላችኋል። የሀዲያ ዞን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ስለሆነ ማመልከቻችሁ የሚቀርበው ለዚያ ክልል የግብርና ግብዓት ተቆጣጣሪ አካል ነው። ዘሩን ወደ ወላይታ ወይም ወደ ሲዳማ ለመሸጥ ካሰባችሁ የክልል ወሰን ማለፍ ይሆናልና የተመሰከረለትን ደረጃ ብትመርጡ ይሻላል።

አመራረቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በባክቴሪያ የሚመጣው የቅጠል ቃጠሎና አንትራክኖዝ የተባለው የፈንገስ በሽታ በዘር ውስጥ ተሸሽገው ይተላለፋሉ። ጤናማ የሚመስል ፍሬ በሽታውን ይዞ ወደ መቶ ገበሬዎች ማሳ ሊገባ ይችላል፤ የዘር አባዢ ኃላፊነት ከእህል አምራች የሚለየውም በዚህ ነው። ባለፈው ወቅት ቦሎቄ የነበረበትን ማሳ አትዝሩ፤ ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ለእህል መልካም ቢሆንም ለዘር አይሆንም፤ ቅጠሉ በጤዛ ወይም በዝናብ ሳይደርቅ ወደ ማሳው ገብቶ መኮትኮትም በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ያዛምታል። በአበባ ጊዜ የአበባውን ቀለም፣ በብስለት ጊዜ የቆባውን ቀለምና የዕድገቱን ዓይነት እያያችሁ ባዕዱን ተክል ከነሥሩ ንቀሉ። በበልግ የሚባዛ ቦሎቄ አጨዳው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ስለሚጋጠም ፍሬው ይሻግታል፤ በነሐሴ የምትዘሩት ግን በደረቁ ወራት ስለሚታጨድ ለዘር የሚስማማው እርሱ ነው።

መልስ 2፦ የዘር አባዢ ማኅበር አባል፣ ቦሪቻ

ባለሙያው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው በገንዘቡ በኩል ያለውን ነው፤ ብዙ ማኅበራት የሚፈርሱት በበሽታ ሳይሆን ከአውድማ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነውና።

ቀይ ቦሎቄ በኛ አካባቢ ለምግብ ብቻ አይደለም፤ በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚሄድ ስለሆነ ዋጋው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ነጋዴው አውድማ ድረስ መጥቶ ጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ዘር ገዢው ግን ማሳው እስኪፈተሽ፣ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ፣ በጀቱ እስኪለቀቅ ይቆያል። በእኛ ማኅበር በአንድ ዓመት ገዢው ዘሩን ሳያነሳ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ በመካከሉ የልጅ የትምህርት ቤት ክፍያና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት አባል ምርጥ ዘሩን በእህልነት ሸጠው። በዚያ ሰው መፍረድ አይቻልም። ጥፋቱ ያለው ውሉ ላይ ነበር፤ ዋጋው በዘር ወቅት ተቆርጦ ተጽፎ ስለነበር የገበያው ዋጋ ሲያልፈው የሚያስተካክለው አንቀጽ አልነበረውም።

ስለዚህ ከዩኒየን፣ ከዘር ድርጅት ወይም ከእርዳታ ድርጅት ጋር ስትዋዋሉ ዋጋው በርክክቡ ጊዜ ባለው የአካባቢ የእህል ዋጋ ላይ ተመሥርቶ በተወሰነ መቶኛ እንዲጨመር አድርጉ፤ ቅድሚያ ክፍያም ይኑረው። የማኅበሩ የራሱ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ቢያንስ ለአባላቱ የምርቱን ግማሽ ዋጋ በአውድማ ላይ መክፈል የሚችል መሆን አለበት። ምርቱን በሙሉ ለአንድ ገዢ አትስጡ፤ በከፊል በአምስትና በአሥር ኪሎ አሽጋችሁ በራሳችሁ ቀበሌዎች ሽጡ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙከራ የተጀመረው ቀጥታ የዘር ግብይት አምራቹ ራሱ ለገበሬው እንዲሸጥ መንገድ የከፈተ ነው፤ ገበሬውም በማን ማሳ እንደበቀለ የሚያውቀውን ዘር ያምናል።

ማከማቻውም ሊታሰብበት ይገባል። የቦሎቄ ነቀዝ ከማሳ ጀምሮ ከፍሬው ጋር ሊገባ ይችላል፤ በተራ ጆንያ የተቀመጠ ዘር ለሚቀጥለው ዘር ጊዜ አይደርስም። እኛ በደንብ አድርቀን አየር በማያስገባው በፒክስ ከረጢት እናስቀምጣለን፤ ያለ መድኃኒት ይቆያል።

መልስ 3፦ የሰብል ተመራማሪ፣ አረካ

ዝርያን በሚመለከት የተነሣውን ክርክር በጥቂቱ ላብራራ። ቀይ ወላይታ የሚባለው ነባር ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1974 የተለቀቀ ሲሆን፣ ናስርና ኢባዶ በ2003፣ ሀዋሳ ዱሜ ደግሞ በ2008 የተለቀቁ ናቸው። ናስርና ሀዋሳ ዱሜ ፍሬያቸው አነስተኛ፣ ቀለማቸው ቀይ ነው፤ ኢባዶ ግን ዥጉርጉርና ትልቅ ፍሬ ያለው ነው። የኢባዶን ዋጋ የሚያነሡት አባላት ሌላውንም ሒሳብ ማየት አለባቸው፤ የፍሬው ክብደት ከትንንሾቹ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘርም በዚያው መጠን ይጨምራል፤ ለሚገዛው ገበሬም ወጪው ይከብዳል። ትልልቅ ፍሬ ያላቸው ቦሎቄዎች ለም መሬት ይወዳሉ፤ በደከመ መሬትና በዝናብ እጥረት ከትንንሾቹ ይልቅ ቶሎ ይጎዳሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የማሳችሁን አብዛኛውን ክፍል በሀዋሳ ዱሜ ብትይዙ፣ የቀረውን በናስር ወይም በኢባዶ ለይታችሁ ብትዘሩ እመክራለሁ። በአንድ ዝርያ ላይ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያመጣ በስንዴ አይተናል። ኩብሳ የተባለው ዝርያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ከተመታ በኋላ ገበሬው በሰፊው ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተነሥቶ በባሌና በአርሲ ዲገሉን አወደመው። የሁለቱ የቦሎቄ ዝርያዎች ዘር እንዳይቀላቀል ግን አውድማው፣ ጆንያውና መዝሪያው ሁሉ ይለይ፤ የዝርያ መደባለቅ ከማሳ ይልቅ በአውድማ ላይ ይበዛል።

ጥያቄ አቅራቢው፦ ከምሥራቅ ባዳዋቾ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የበቆሎው ርቀት ስሌት በማኅበሩ ውስጥ የነበረውን ክርክር ዘግቶታል፤ በስምንቱ ሄክታር ላይ ቦሎቄ ለመዝራት፣ ስድስቱን በሀዋሳ ዱሜ፣ ሁለቱን በናስር ለመያዝ ወስነናል። ለስድስቱ ሄክታር ምን ያህል መሥራች ዘር ማስመዝገብ አለብን? በአውድማ ላይስ በበሬ ማበራየት ይቻላል?

መልስ 1፦ የዘር ብዜት ባለሙያ፣ ሀዋሳ

በመስመር በ40 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል በ10 ሳንቲ ሜትር ስትዘሩ በሄክታር 250,000 ተክል ይቆማል። መቶ ፍሬው 20 ግራም ቢመዝን የተጣራው 50 ኪሎ ነው፤ የማይበቅለውንና በማሳ ላይ የሚጠፋውን ጨምራችሁ 70 ኪሎ ያዙ፤ ለስድስት ሄክታር 4.2 ኩንታል ይሆናል። ዘሩ ሲመጣ መቶ ፍሬ በእርጥብ አሸዋ ላይ ዘርታችሁ ስንት እንደበቀለ ቁጠሩ፤ ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው በእጅጉ ካነሰ ሳትዘሩት አስታውቁ።

በበሬ ማበራየት ለዘር አልመክርም። ቦሎቄ እጅግ ሲደርቅ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ያለው ፅንስ ይጎዳል፤ ዓይን ጉዳቱን አያይም፣ ብቅለቱ ግን ይወድቃል። ጠዋት ቆባው ጥቂት ሲለሰልስ በሸራ ላይ በቀጭን ዱላ ቀስ ብላችሁ ውቁት፤ ከዚያ በጥላ አድርቃችሁ እርጥበቱን ወደ 12 በመቶ አውርዱ። የማሳ ፍተሻ ማመልከቻውን ከዘራችሁ በኋላ ሳትዘገዩ አስገቡ፤ ፍተሻው ቢያንስ በአበባና በብስለት ጊዜ መደረግ ስላለበት አበባው ካለፈ በኋላ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ማሳችሁን ሊመሰክርለት አይችልም። የመሥራች ዘሩን ከረጢት መለያ ወረቀት አትጣሉ፤ ከማመልከቻው ጋር ይጠየቃል።