ለጋራ ፕሮፖዛሉ የትኞቹን ጨዋታዎች እንምረጥ?

ጸሐፊ፦
ሰላም አባላት። ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው እየሠሩ እንዲማሩ ገንዘብ የምንጠይቅበትን፣ «በመገንባት መማር» የሚለውን ረቂቅ እንዳያችሁት ተስፋ አለኝ። ዓላማው ላይ ብዙም አልተከራከርንም። የቀረን የሶፍትዌር ምርጫው ነው። እስካሁን የተያዙት ስክራች (ልጆች ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት)፣ ኔትሎጎ (ሕግ የተሰጣቸው ብዙ ፍጡራን አብረው ሲንቀሳቀሱ የሚታይበት የሞዴል መሥሪያ) እና አንድ የከተማ ግንባታ ጨዋታ ናቸው። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

የሒሳብ መምህር፦
መጀመሪያ «ተማሪዎች እየተዝናኑ ይነቃቃሉ» የሚለው አንቀጽ ይውጣልኝ። ለመዝናኛ ገንዘብ የሚሰጠን የለም። በምትኩ ስክሪን ላይ በትእዛዝ እየሄደች መስመር የምትስለውን የኤሊዋን ምሳሌ እናስገባ። የሒሳብ ሊቁ ሴይሞር ፓፐርት ጄኔቫ ከልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪው ከፒያዤ ጋር ሠርቷል። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሲፈጥር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ልጅ ለሌላ የሚያሳየውን ነገር ሲሠራ በደንብ ይማራል።

በሎጎ ልጁ ኤሊዋን እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሳዪ ይላታል። ማዕዘኑ 60 ዲግሪ መሆኑን ከደብተሩ ያውቃል። ስለዚህ «50 ሂጂ፣ 60 ታጠፊ» ብሎ ሦስት ጊዜ ያስደግማታል። የሚወጣው ግን ያልተዘጋ የስድስት ጎን ግማሽ ነው! ኤሊዋ የምትታጠፈው በውጭው ማዕዘን፣ በ120 ነዋ። መምህሩ ትንሽ ከታገሠ ልጁ ራሱ ይደርስበታል። (መታገሡ ነው ከባዱ።)

የባዮሎጂ መምህርት፦
በዚህ እስማማለሁ። የከተማ ግንባታው ጨዋታ ግን አይዋጥልኝም። ሲምሲቲን ውሰዱት፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ያለ ነው። ልጁ ግብር ሲጨምር ሰው ከተማውን ለቆ ይሄዳል። ለምን? ሕጉን የጻፈው ፕሮግራመሩ ነው፤ ልጁ ውስጡን አያየውም። የአንድን ሰው ግምት የተፈጥሮ ሕግ ነው ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ኔትሎጎ ላይ የተኩላና የበግ ሞዴል አለ። ሣሩ የማያልቅ ከሆነ ነገሩ አይረጋጋም። ወይ በጎቹ ተበልተው ያልቁና ተኩላዎቹም ይከተላሉ፣ ወይ ተኩላዎቹ ጠፍተው በጎቹ ያለ ልክ ይራባሉ። ሣሩ እየተበላ መልሶ እንዲያድግ ሲደረግ ግን ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይዘልቃል። ኮዱ እዚያው ተከፍቶ ይነበባል። ተማሪው «በጓ ከሣር የምታገኘውን ጉልበት ብቀንስስ?» ብሎ ወዲያው ይሞክረዋል።

የአይሲቲ ባለሙያ፦
ለፍትሕ ያህል፣ የመጀመሪያው ሲምሲቲ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2008 ማይክሮፖሊስ ተብሎ በነጻ ተለቋል። ግን ያን ኮድ ለታዳጊ ማስነበብ ዘበት ነው። ይውጣ። ግንባታ ከፈለግን ብሎክ እየደረደሩ የሚገነቡበት ሉዋንቲ አለ፤ ድሮ ማይንቴስት የሚባለው። ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም በክፍሉ ኔትወርክ አብረው ይገነቡበታል። ስክራችና ኔትሎጎም ከተጫኑ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ክፍያም የላቸውም። ስለዚህ ለሶፍትዌር ፈቃድ የያዝነው በጀት ወደ መምህራን ሥልጠና ይዙር።

የሒሳብ መምህር፦
ሥልጠናው ላይ እኔም አለሁ። አንድ ክፍለ ጊዜ ግን አይበቃም። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ፣ ልጆቹ እስኪረጋጉ ደወል ይደወላል። ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ካልተፈቀደ ባንጀምረው ይሻላል።

የባዮሎጂ መምህርት፦
ምዘናውም ያለቀለትን ሥራ ብቻ አይይ። ተማሪው ምን ይሆናል ብሎ ገመተ? ምን ሆነ? ከዚያ የትኛውን ሕግ ቀየረ? እነዚህን ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «የሚመረጠው ጨዋታ ተማሪው ሕጉን አይቶ ሊለውጠው የሚችለው ይሆናል። ትምህርቱ በሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ይሰጣል።» የከተማው ጨዋታ ወጥቶ ሉዋንቲ ገብቷል። መምህርት፣ የምዘና ቅጹን እርስዎ ቢያረቁልንስ? የሥልጠናውን በጀት የሚያሰላ ሰው ግን ገና አላገኘሁም።