የቆርቆሮ ጣሪያ ዝገትና የአዳማ አቧራ በ1:35 ዲዮራማ ላይ

ጠያቂ፦ ባለሱቁ

ሰላም ለሁላችሁ። በ1:35 ስኬል (ከእውኑ 35 ጊዜ ባነሰ መጠን) ዲዮራማ፣ ማለትም ትንሽ የትዕይንት ሞዴል፣ እየሠራሁ ነው፦ አንድ የጭቃ ሱቅና ከፊቱ የቆመ ባጃጅ፤ አዳማ ውስጥ ወደ ወንጂ መውጫ ላይ እንዳሉት ዓይነት። መደቡ 20 በ25 ሳ.ሜ. ነው። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የሠራሁት ጣሪያ ቡናማ ሲቀባ የዛገ ቆርቆሮ ሳይሆን ቸኮሌት መሰለ። በአፈርና በኮላ የለጠፍኩት መሬት ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ። አቧራ እንዲመስል የነሰነስኩት የጠመኔ ዱቄት ደግሞ ቫርኒሽ ሲረጭበት ድራሹ ጠፋ። የጸጉር ስፕሬይ የሚሉትን ዘዴ ለጣሪያው ብጠቀም ይሻላል?

መልስ፦ ኮምፔርሳቶ

ከጣሪያው እንጀምር። ጣሳ ለ1:35 ወፍራም ነው። 0.1 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሆነ በእውኑ 3.5 ሚ.ሜ. ላሜራ ማለት ነው፤ ጠርዙ ያስታውቃል። ምግብ የሚታሸግበት ስስ የአሉሚኒየም ሳህን (ፎይል) ይሻልሃል። የተለመደው ቆርቆሮ ከሞገድ እስከ ሞገድ 76 ሚ.ሜ. ነው፤ ለ35 ሲካፈል 2.2 ይመጣል። የስቴኪኒ ውፍረትም 2 ሚ.ሜ. አካባቢ ስለሆነ ከዚህ የቀረበ ቅርጽ ማውጫ አታገኝም። 15 ያህሉን ጎን ለጎን ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላ ለጥፍ፣ ሲደርቅ ፎይሉን አልብሰውና ጫፉን ባዶለዶምከው ሌላ ስቴኪኒ በየሸለቆው ጫን። ከአንድ ዳር ጀምረህ ወደ ሌላው ሂድ። ሁለቱን ዳር ቀድመህ ከያዝክ ፎይሉ የሚሳብበት አጥቶ መሃሉ ላይ ይቀደዳል። ጣሪያውንም ወጥ አታድርገው፤ 5.7 በ2.3 ሳ.ሜ. እየቆረጥክ አንድ ሞገድ ተኩል እያደራረብክ አንጥፈው።

ቸኮሌት የሚመስለው ሁሉም ቦታ እኩል ስለዛገ ነው። ቆርቆሮ የሚዝገው ዚንኩ ካለቀበት ቦታ ነው፤ እሱም በምስማሩ ዙሪያ፣ በድርቡ ሥርና ውሃ በሚንጠለጠልበት በታችኛው ጠርዝ ይጀምራል። የቀረው ይደበዝዛል እንጂ አይዝግም። ስለዚህ ፎይሉን በላርጎ አጥበህ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርገው፣ ፕራይመር፣ ማለትም የመነሻ ቀለም፣ ስጠው (በባዶ አሉሚኒየም ላይ ቀለም ይላጣል)፣ ከዚያ ሙሉውን ደብዛዛ ግራጫ ቀባው። የተቀደደ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ውስጥ ንከርና ወረቀት ላይ ጠርገህ ሊደርቅ ሲል በተባሉት ቦታዎች ብቻ ነካ ነካ አድርግ። ቀጥሎ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ግን ባነሰ ስፋት። ደማቅ ብርቱካናማ የአዲስ ዝገት ቀለም ነው፤ በነጥብ ብቻ በቂ ነው። ምስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ መሆኑን አትርሳ። በየምስማሩ የመርፌ ጫፍ የምታህል የዘይት ቀለም አስቀምጥና ከ10 ደቂቃ በኋላ አኳራጅ በነካ ብሩሽ ወደ ታች ጎትታት። አንዱ ሉህ አዲስ፣ አንዱ ፈጽሞ የዛገ ይሁን፤ ጣሪያ የሚጠገነው እየተለጠፈ ነው።

የጸጉር ስፕሬይ ለጣሪያው አይሆንም። የሚያገለግለው ቀለም ተቀብቶ ለተላጠ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ለሱቁ የላሜራ በር። የዝገቱን ቀለም በቫርኒሽ ዝጋ፣ ስፕሬዩን ሁለት ጊዜ ስስ አድርገህ ንፋ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቀህ በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ቀባበት። እሱ እንደደረቀ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ለብ ባለ ውሃ እያራስክ በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍግ። ካደረ ወይም ቀለሙ ከወፈረ አይነሳም።

መልስ፦ ሰጋቱራ

በጣሪያው እስማማለሁ። ለባጃጁ ግን ያንን ስፕሬይ እንዳትነካው። በሥራ ላይ ያለ ባጃጅ እንደ በር አይላጥም፤ የሚፋቀው መርገጫው፣ የጭቃ መከላከያው ጠርዝና ሰው የሚይዘው ቱቦ ነው። በዚህ ስኬል 0.5 ሚ.ሜ. ጭረት በእውኑ ወደ 2 ሳ.ሜ. ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል።

መሬቱ የተሰነጠቀው አፈሩ ሸክላ ስላለውና ውሃው ሲተን ስለሚሸበሸብ ነው። የተነፋ ሰጋቱራ ጨምርበት። በስፍር 2 አፈር፣ 1 ሰጋቱራ፣ 1 ኮላ፣ ውሃው ገንፎ እስኪመስል ብቻ። ከ3 ሚ.ሜ. በላይ አትለጥፍ፤ አንዱ ሽፋን በጥላ አድሮ ሲደርቅ ሌላውን ጨምር። ፀሐይ ላይ ካወጣኸው ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ያው ስንጥቅ ይመለሳል። መደቡ ኮምፔርሳቶ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ ቀለም ቀባ፤ አንዱ ብቻ ከራሰ ይጎብጣል። የተሰነጠቀውን መጣል አያስፈልግም፤ አርጥበህ በዚሁ ሊጥ ሙላው።

አፈሩን ከመጠቀምህ በፊት በመጥበሻ 20 ደቂቃ አሙቀው፣ አለበለዚያ ሊሻግት ወይም ሣር ሊያበቅል ይችላል። በሻይ ማጥለያ፣ ከዚያ በስቶኪንግ ንፋው። 1 ሚ.ሜ. ጠጠር እዚያ ላይ 3.5 ሳ.ሜ. ድንጋይ ነው።

ስለ አቧራው፦ ቫርኒሹ በዱቄቱ ቅንጣቶች መሃል ያለውን አየር ይሞላዋል። ዱቄቱን ነጣ አድርጎ የሚያሳየው ያ አየር ነበር፤ አፈር ሲርስ የሚጨልመውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። የማያንጸባርቀውን ቫርኒሽ መጀመሪያ ርጭና አንድ ቀን ይድረቅ፤ ዱቄቱ በደረቁ መጨረሻ ይምጣ። ቀለሙንም ተጠንቀቅ። ብዙ ሰው እጁ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ የአዳማ አቧራ ግን ወደ አመድማ የሚያደላ ፈዛዛ ቡናማ ነው። ነጭ ጠመኔ፣ ትንሽ የከሰል ዱቄትና ያንኑ የተነፋ አፈር ቀላቅል። እኩል አትነስንሰው፤ ነፋስ በሚያሳርፍበት፣ በግድግዳው ሥርና ከጎማው ኋላ ይብዛ።

ባለሱቁ፦

አመሰግናለሁ። ዱቄቱ በእጅ ሲነካ እንዳይነሳ በአልኮል ላጣብቀው?

ሰጋቱራ፦

አልኮል አክሪሊክን ያላላል፤ ቀለሙ አብሮ ይነሳብሃል። አኳራጅ በሲሪንጅ ከዱቄቱ ዳር አንጠብጥብ፣ ራሱ ይስበዋል፤ ከላይ ካንጠባጠብክ ጉድጓድ ይሠራል። አጥብቆ ግን አይዝም። ፎም ያለበት ቦታ ደግሞ አታድርሰው፣ ይበላዋል።

ኮምፔርሳቶ፦

አንድ የቀረ ነገር። ክረምትን የሚያስታውስ ምልክት ከፈለግህ የጭቃ ፍንጣሪው በግድግዳው ሥር እስከ 1 ሳ.ሜ. ብቻ ይውጣ፤ በእውኑ 35 ሳ.ሜ. ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ቁልቁል ደግሞ መሬቱ ሳይደርቅ በየ2.2 ሚ.ሜ. በስቴኪኒ ጫፍ ጫን ጫን አድርግ። ጠብታው የሚወርደው ከየሸለቆው ስለሆነ ከሞገዱ ጋር መግጠም አለበት።