ከቫይዛግ እስከ ሌህ በባቡርና በአውቶቡስ፦ ተጠባባቂ ትኬት፣ ከፍታ፣ ጾምና የጭንቅላት ውዝወዛ

ጨጨብሳ በማሳላ፦
ሰላም ቤቶች። ህንድ፣ ባሕር ዳር ባለችው ቫይዛግ የምንማር ሦስት ተማሪዎች ነን። በጁን ሁለተኛ ሳምንት ፈተና ስንጨርስ 18 ቀን እጃችን ላይ አለ። በባቡር ዴልሂ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ማናሊ፣ ከማናሊ ሌህ ልንወጣ አስበናል። ስንመለስ ሪሺኬሽ ላይ በጎማ ጀልባ ጋንጀስን እንቀዝፋለን። የስሊፐር (ኤሲ የሌለው ባለ አልጋ ክፍል) ትኬታችን «ጂኤንደብሊውኤል 41/ደብሊውኤል 28» ይላል፣ ገና ተጠባባቂ ነን ማለት ነው፤ ይዘነው እንሳፈር? ደግሞስ የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆንን ከፍታው አያሰጋንም ብንል ልክ ነን? አንዷ ጓደኛችን የሰኔን ጾም ትጾማለች፣ ምን ትብላ? የመጨረሻው ከቀልድ ይቆጠርልኝ፦ ሰው ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ሲወዘውዝ እሺ ነው እምቢ?

የላይኛው አልጋ፦
41ን እርሱት፣ ትኬቱ ሲቆረጥ የነበረ ቁጥር ነው። አሁን ያላችሁት 28 ላይ ነው። ጂኤንደብሊውኤል መሆኑ ደግ ነው፤ ባቡሩ ከሚነሳበት ጣቢያ ወይም ከአቅራቢያው ለሚሳፈር የሚሰጥ ተራ ስለሆነ ሰው ሲሰርዝ ቶሎ የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። ቀስ ከሚሉት ተራዎች፣ አርኤልደብሊውኤል ወይም ፒኪውደብሊውኤል ቢሆን ሌላ ባቡር ፈልጉ እል ነበር። የተሳፋሪ ዝርዝር ወጥቶ አሁንም ተጠባባቂ ከሆናችሁ በኦንላይን የተቆረጠው ትኬት በራሱ ይሰረዛል፣ ገንዘቡም ጥቂት ተቀንሶ ይመለሳል። በዚያ ትኬት መሳፈር ያለ ትኬት እንደመሳፈር ስለሚቆጠር ያስቀጣል። አርኤሲ (መቀመጫ ይዞ ሙሉ አልጋ መጠበቅ) ከደረሰ ግን ውጡ፦ በመተላለፊያው በኩል ያለውን የታች አልጋ ለሁለት ተካፍላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ሰው ከቀረ ሙሉ አልጋ ይደርሳችኋል።

ተራው ካልተንቀሳቀሰ ታትካል የሚሉት የመጨረሻ ሰዓት ትኬት አለ። ባቡሩ ከሚነሳበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ኤሲ ያለው ከጠዋቱ 10፡00፣ ስሊፐር 11፡00 ይከፈታል (በህንድ ሰዓት አቆጣጠር ነው የምላችሁ)። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ከጁላይ 2025 ወዲህ በኦንላይን ታትካል ለመቁረጥ አካውንቱ በአዳሃር (የህንድ መታወቂያ ቁጥር) የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ አዳሃር የሌለው ጣቢያው መስኮት ላይ ይሰለፍ። የተረጋገጠ ታትካል ብትሰርዙ ገንዘብ አይመለስም።

ሐበሻን በተለይ የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ትኬት ላይ «00፡20፣ ጁን 15» ካለ ባቡሩ የሚሄደው የ14 ማታ አምሽታችሁ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6፡20 ላይ ነው። በ15 ማታ ብትመጡ ባቡሩ ሙሉ ቀን ቀድሟችኋል። አልጋ ስትመርጡ የላይኛውን ውሰዱ። የመካከለኛው የሚዘረጋው ከማታ 10፡00 እስከ ጠዋት 6፡00 ብቻ ነው፣ የታችኛው ደግሞ ቀን ላይ የሁሉም መቀመጫ ነው። ከላይ ያለው ብቻ በፈለገው ሰዓት ይተኛል።

የጣርማ በር ልጅ፦
ከፍታውን በተመለከተ፣ ልክ አይደላችሁም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፣ ሌህ 3,500። በዚያ ላይ አሁን የምትኖሩት ባሕር ዳርቻ ነው፤ ደም ከከፍታ ጋር የተላመደው በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። መንገዱ ላይ ባራላቻ በር 4,890፣ ላቹንግ በር ከ5,000 በላይ፣ ታንግላንግ በር 5,300 ገደማ ነው። ሦስቱም ከራስ ዳሸን (4,550) ይበልጣሉ።

ስለዚህ ማናሊ (2,050 ገደማ) ሁለት ሌሊት እደሩ። በ2020 የተከፈተውን 9 ኪሎ ሜትር የአታል ዋሻ አልፋችሁ ኬሎንግ (3,100 ገደማ) አንድ ሌሊት። ሳርቹ ድንኳን ውስጥ እንድታድሩ የሚለምናችሁ አይጠፋም፣ እምቢ በሉ፤ 4,290 ሜትር ላይ ያልተላመደ ሰው ሲተኛ ነው ራስ ምታቱና ትውከቱ የሚጀምረው። የመንግሥት አውቶቡስ ከኬሎንግ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ማታ ሌህ ያደርሳል። ሌህ ስትደርሱ ሁለት ቀን ምንም አትውጡ፣ መጠጥም ይቅር።

የከፍታ ሕመም መከላከያው አሴታዞላማይድ (ዳያሞክስ የሚሉት) የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ፣ በተለይ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ የሚያስነሱበት ሰው ካለ። ጣት ይነዝራል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ሽንትም ያበዛል፤ አውቶቡሱ ደግሞ እንደፈለጋችሁ አይቆምም። ቁጭ ብሎ የሚያልከው ወይም እንደሰከረ የሚንገዳገድ ሰው ካለ መድኃኒት አይጠበቅም፣ ያንኑ ሰዓት ወደ ታች መውረድ ነው።

ለሌህ ከተማ ፈቃድ አያስፈልግም። ለፓንጎንግ ሐይቅና ለኑብራ ሸለቆ ግን የውጭ ዜጋ በተመዘገበ አስጎብኚ በኩል ፈቃድ ያወጣል፣ ለብቻው ለሄደ ሰው ያስቸግራል፤ ሦስት መሆናችሁ ጠቀማችሁ። ከሌላ ክልል የወጣ የቅድመ ክፍያ ሲም ሌህ ባለችበት ላዳክ ውስጥ አይሠራም፣ የድኅረ ክፍያው ይሠራል። ርካሽ ማረፊያ «የውጭ ሰው አንቀበልም» ካላችሁ አትቀየሙ፦ ለእያንዳንዱ የውጭ እንግዳ በ24 ሰዓት ውስጥ የምዝገባ ፎርም ለመንግሥት መላክ ስላለበት አንዳንዱ ጣጣውን ይሸሻል። ስትይዙ ደውላችሁ ጠይቁ።

ቢና ጊ፦
ጾም ላይ «ቬጅ» የሚለው አረንጓዴ ነጥብ አያታልላት። ቬጅ ማለት ሥጋና እንቁላል የለውም ነው እንጂ ወተት፣ ቅቤ፣ ፓኒር (የእነሱ አይብ) ሞልቶታል። የምትለው «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ፣ ቢና ዳሂ» ነው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ። ናን ብዙ ጊዜ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፤ ታንዱሪ ሮቲ ዱቄትና ውሃ ነው፣ ከላይ ቅቤ እንዳይቀቡባት ብቻ ታስጠንቅቅ። ሻይ ካለች በወተት ይመጣል፤ «ካሊ ቻይ» ትበል። ላዳክ ውስጥ ጻምፓ አለ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ በግልጽ አማርኛ በሶ። የጨው ሻያቸው ግን ቅቤ አለበት።

ውዝወዛው ባብዛኛው «እሺ፣ ሰምቻለሁ» ነው። እኛም እኮ አየር ወደ ውስጥ ስበን «እ!» ስንል «አዎ» ማለታችን መሆኑን እነሱ አያውቁም፤ የደነገጥን ይመስላቸዋል። ከዚህ የሚብሰው «ካል» ነው፦ በሂንዲ ትናንትም ነገም ካል ነው። አውቶቡሱ ካል ነው ካሏችሁ ቀኑን በቁጥር አስጽፉ። ባጃጅ ስትፈልጉ ደግሞ «አውቶ» በሉ፤ ባጃጅ እዚያ የፋብሪካው ስም ነው።

ጨጨብሳ በማሳላ፦
እግዜር ይስጥልን። ከማናሊ በፊት ሁለት መጠባበቂያ ቀን ጨምረናል። ሪሺኬሽ ስንመለስ ይሻላል ወይስ ስንሄድ?

የጣርማ በር ልጅ፦
ስትሄዱ። ጁላይና ኦገስት ላይ በክረምቱ ዝናብ ወንዙ ስለሚሞላ ቀዘፋው ይዘጋል፣ በጁን መጨረሻም ሊዘጋ ይችላል። ለጀማሪ ከሺቭፑሪ የሚነሳው 16 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከወደቃችሁ ለመቆም አትሞክሩ፣ እግር ድንጋይ መሃል ይቀረቀራል። በጀርባ ተኝታችሁ እግራችሁን ወደ ውሃው አቅጣጫ አስቀድሙ፣ ጀልባው እስኪደርስ። መነጽር ያላችሁ በገመድ እሰሩት።