የጥርስ ሐኪም የሚፈራን ሰው እንዴት ልርዳው?

የቤቱ ታላቅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የታች መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ሌሊት አያስተኛውም። ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ጠዋት ሲሆን ይቀራል። መርፌውንና የመሰርሰሪያውን ድምፅ ይፈራል፤ ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ዓይነት ስለሆነም “እዚያው እወድቃለሁ” ይላል። አሁን በማስታገሻና በቅርንፉድ እየገፋ ነው። “አይዞህ” ከማለት ሌላ ምን ላድርግ?

ዶክተሯ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ንገሪው፤ ማደንዘዣ በደንብ የሚይዘው ጥርሱ ሳይመግል ነው። ሥሩ መግል ሲቋጥር አካባቢው አሲዳማ ይሆናል፤ ማደንዘዣው ሊዶኬይን ደግሞ እንዲህ ባለ ቦታ ወደ ነርቩ ዘልቆ መግባት ያቅተዋል። ፈርቶ የዘገየ ሰው የባሰ የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዴ ሕመም ተሰምቶት ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

መርፌውን በተመለከተ፦ ድዱ መጀመሪያ በጥጥ ይደርቃል፣ የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይቆያል። ምራቅ ላይ ከተቀባ ወይም ወዲያው ከተወጋ ቅባቱ ከንቱ ነው። የሚያቃጥለው በአብዛኛው የመርፌው መግባት ሳይሆን ፈሳሹ ቶሎ ሲገፋ ነው። የተለመደው ካርትሪጅ (የማደንዘዣው ትንሽ ብልቃጥ) 1.8 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህ ወደ 2 ደቂቃ ተወስዶበት ቀስ ተብሎ ቢገባ በጣም ይቀላል። “እባክዎ ቀስ ብለው ይውጉኝ” ማለት ነውር የለውም።

ለታች መንጋጋ የሚወጋው ከአፍ ወደ ኋላ፣ ነርቩ አጥንት ውስጥ በሚገባበት አካባቢ ነው። ለመደንዘዝ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ አንዳንዴም 10 ይፈጃል። ምልክቱ በዚያ በኩል የታችኛው ከንፈር እስከ አገጩ መሃል መደንዘዙ ነው። ከንፈሩ ካልደነዘዘ ሥራው እንዳይጀመር ይናገር። መድኃኒቱ ውስጥ አድሬናሊን ስለሚኖር ልቡ ለጥቂት ደቂቃ ድው ድው ሊል ይችላል፤ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ልሞት ነው ብሎ ይደነግጣል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለበት ግን ከመወጋቱ በፊት ያሳውቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከደነዘዘ በኋላም መገፋቱ፣ መጫኑና ንዝረቱ ይሰማዋል። የሚወጋ ሕመም ግን ሊሰማው አይገባም፤ ከተሰማው ማደንዘዣ ይጨመርለታል።

ሲስተር፦ ስለ መውደቁ እኔ ልመልስ። ደም ወይም መርፌ ሲያይ የሚወድቅ ሰው የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ድንገት ስለሚወርድበት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው “ሰውነትህን ፈታ አድርግ” ማለት ምንም አይጠቅመውም፣ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው። የክንዱን፣ የሆዱንና የጭኑን ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ ይያዝ፤ ፊቱ ሞቅ ሲለው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይልቀቅ፤ 5 ጊዜ ይደጋግመው። ቤት ተለማምዶት ይሂድ፣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ለመማር አይመችም።

ወንበሩ ከመወጋቱ በፊት ወደ ኋላ ይጋደምለት፤ ሲጨርስም ዘሎ አይነሳ። በባዶ ሆድ እንዳይሄድ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቁርሱን ይብላ። ብዙ ሰው እንደ ቀዶ ጥገና መስሎት ጾሞ ይመጣና በረሃብ ይወድቃል።

ለድምፁ ጆሮ ማዳመጫ ይዞ ይሂድ። ከሐኪሙ ጋርም የእጅ ምልክት ይስማሙ፦ ግራ እጁን ሲያነሳ ሥራው ይቆማል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንዴ አንስቶ ይሞክረው፤ በእርግጥ እንደሚቆምለት ሲያይ ፍርሃቱ ግማሹ ይለቀዋል።

የቤቱ ታላቅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቀጠሮ ስይዝ ምን ብዬ ልናገር? ማረጋጊያ ክኒን አውጦት ቢሄድስ?

ሲስተር፦ “በጣም ይፈራል፣ መርፌ ሲያይ ይወድቃል፤ የመጀመሪያው ቀን ለምርመራና ለራጅ ብቻ ይሁን” በያቸው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ጠይቂ፤ ወረፋ ላይ ተቀምጦ ከውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ማዳመጥ ነው የሚጎዳው።

ፋርማሲስቱ፦ ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ከጎረቤት ተለምኖ አይዋጥም። ሐኪሙ ራሱ ካዘዘለት ይቻላል፣ ግን አጃቢ ያስፈልገዋል፤ የዚያን ቀን መኪና አይነዳም፣ መጠጥም አይቀምስም። ጫት የሚቅም ከሆነ በዚያ ቀን ይተወው፤ ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ በዚያ ላይ አድሬናሊኑ ይደረብበታል።

ቅርንፉዱ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ዘይቱ ሲበዛ ግን ድዱን ይልጠዋል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም እንደዚያው ያቃጥላል። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙን፣ ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 2፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስላለ አብራችሁ ቁጠሩት። አሞክሲሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ደግሞ የተቦረቦረውን አይደፍነውም።

የቤቱ ታላቅ፦ እስከ ቀጠሮው ፊቱ ቢያብጥስ?

ዶክተሯ፦ ድዱ ላይ ብቻ ትንሽ ካበጠ ቀጠሮውን አስቀድሙት። እብጠቱ ወደ ዓይኑ ወይም ወደ አንገቱ ከሄደ፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው፣ ወይም ከምላሱ ሥር ከጠነከረበት ግን ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላልና ጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠበቅም።