ክርክር፦ ሙሶሊኒ ሥልጣኑን ነጠቀ ወይስ ተሰጠው?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ አጭር ነው። በኦክቶበር 1922 የሙሶሊኒ ፋሺስቶች፣ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ፣ ወደ ሮም ዘመቱ። በቀናት ውስጥ ሰውየው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በጉልበቱ ነጠቀ ወይስ በእጁ አስረከቡት? ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ስድብ ክልክል ነው። የሰሞኑን ፖለቲካችንን ማንሳት የፈለገ ሌላ ቦታ ያንሳ።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄማ ምን ጥያቄ አለው? ነጠቀ! ዱላ ይዞ መጣ፣ ወሰደ። አለቀ።

የታሪክ መምህር፦ ቀስ በል ወንድሜ። ሙሶሊኒ ከዘማቾቹ ጋር እንኳ አልነበረም። እነሱ ከሮም ወጣ ብለው ዝናብ ሲደበድባቸው እሱ ሚላን ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቅ ነበር። ነገሩ ቢከሽፍ ስዊዘርላንድ ቅርብ ናት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዘጋጅቶ ኦክቶበር 28 ማለዳ ንጉሡ ዘንድ ገባ። አዋጁ በየግድግዳው መለጠፍ ሁሉ ጀምሮ ነበር። ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ሦስተኛ ግን አልፈርምም አለ። ከዚያም ሙሶሊኒን አስጠራው። እሱም በሌሊት ባቡር፣ ያውም በመኝታ ፉርጎ፣ ሮም ገባ። መንግሥት የሚገለብጥ ሰው ተኝቶ ይመጣል?

ነገረ ፈጅ፦ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ቁጥሩን እዩት። በ1919 ምርጫ ሚላን ላይ 5,000 ድምፅ እንኳ አልሞላም፤ አንድም ወንበር አላገኘም። በ1921 ከ535 ወንበር 35 አገኘ። እሱንም ያገኘው የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አንጋፋው ጆሊቲ፣ በራሱ የምርጫ ስብስብ ውስጥ ስላስገባው ነው። ሽማግሌው ሶሻሊስቶቹን በነዚህ ልጆች እመታለሁ፣ እነሱም ሥልጣን ሲቀምሱ ይገራሉ ብሎ አሰበ። ኖቬምበር 1922 ላይ ፓርላማው ለሙሶሊኒ መንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ሰጠ። 306 ለ116። ፋሺስቶቹ 35 ብቻ ከሆኑ የቀረው ድምፅ ከየት መጣ? የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አሉበት፦ ጆሊቲ አለበት፣ ሳላንድራ አለበት፣ ኦርላንዶ አለበት። የካቶሊኮቹ ፓርቲም አለበት። ያውም ሰውየው ፊታቸው ቆሞ፣ ይህን አዳራሽ የወታደሮቼ ማደሪያ ላደርገው እችል ነበር ብሎ ካዋረዳቸው በኋላ!

የፒያሳ ልጅ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያቺን የመኝታ ፉርጎ ወደዷት። ነገረ ፈጅ ደግሞ 306 ይለናል። ከ306ቱ ስንቱ ማታ ቤቱ በሰላም መግባቱን እያሰበ ነው እጁን ያወጣው? ፍርሃት እኮ ድምፅ ቆጠራ ላይ አይመዘገብም።

የገጠር ልጅ፦ ሁላችሁም ሮም ላይ ተቸክላችኋል። ነገሩ ያለቀው ከዚያ በፊት ነው። በ1920 እና 1921፣ በሰሜን ጣሊያን፣ በፖ ሸለቆ። ቦሎኛ፣ ፌራራ፣ እዚያ አካባቢ።

ገበሬው አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋው መሬት ታገኛለህ ተብሎ ነው። ሲመለስ መሬት የለም። የእርሻ ቀን ሠራተኞቹ ማኅበራት ግን ጠንክረው ነበር። ባለመሬቱ ማንን እንደሚቀጥር፣ ስንት እንደሚከፍል እስከ መወሰን ደረሱ። ባለመሬቱ አንጀቱ አረረ። ገንዘብ አወጣ፣ ካሚዮን አቀረበ። ማታ ማታ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ጎረምሶች ከከተማ ተጭነው ይመጣሉ። የማኅበሩን ጸሐፊ በር ያንኳኳሉ። ሚስቱና ልጆቹ ፊት ይደበድቡታል። አፉን ከፍተው የጉሎ ዘይት ያጋቱታል። ሆዱ እስኪፈታ፣ ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ድረስ። ያ ሰው በነጋታው በምን ፊቱ ስብሰባ ይጠራል? ቢሮው ይቃጠላል። ከንቲባው ሶሻሊስት ከሆነ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ዱላ እያየ ይጽፋል። ካራቢኔሪው፣ የመንግሥት ፖሊሱ ማለት ነው፣ ቆሞ ያያል፣ አንዳንዴም መሣሪያ ያውሳል።

ስለዚህ ሙሶሊኒ ሮም የደረሰው ብዙውን የሰሜን አገር በእጁ አስገብቶ ነው። ንጉሡ ቢፈርምስ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ወረዳ ማን ያስመልሰው ነበር?

የታሪክ መምህር፦ ጥሩ አመጣህ፤ ግን የረዳኸው እኔን ነው። ካራቢኔሪው ቆሞ አየ አልክ። ደመወዙን የሚከፍለው ማነው? ሕግ አስከባሪው ሕግ ሲያስከብር ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለግህ ፊንላንድ ሂድ። በ1932 ላፑአ የተባለው የፀረ ኮሚኒስት ንቅናቄ ሰዎች መሣሪያ ይዘው ማንትሳላ በምትባል ቦታ ተሰበሰቡ። መንግሥት ይውረድ አሉ። ፕሬዚዳንቱ ስቪንሁቭድ ራሱ የለየለት ቀኝ ክንፍ ነው፤ ኮሚኒስት ሲባል ደሙ የሚፈላ። ግን በሬዲዮ ቀርቦ ወደየቤታችሁ ግቡ አላቸው። ገቡ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ንቅናቄው ታገደ። ቤልጂየምም በ1937 የዚያው አገር የፋሺስት መሪ ደግሬል ብራሰልስ ላይ ለማሟያ ምርጫ ሲቀርብ፣ ከካቶሊክ እስከ ሶሻሊስት በአንድ እጩ ጀርባ ቆመው ጣሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሶሻሊስቶቹስ ንጹሕ ናቸው? በ1919 ምርጫ አንደኛ የወጡት እነሱ ናቸው፤ 156 ወንበር። ግን ከማንም ጋር መንግሥት አንመሠርትም አሉ። አብዮት ይመጣል እያሉ ያወራሉ፣ አብዮቱን ግን አያደርጉትም። በ1920 ሠራተኛው ፋብሪካዎቹን ሲይዝም መሪዎቹ ምን እናድርግ ብለው ድምፅ ተሰጣጡበት። ባለሀብቱን አስፈራርቶ ሳይመቱ መተው ከሁሉ የከፋ ነው። በጃንዋሪ 1921 ደግሞ ሊቮርኖ ላይ ለሁለት ተሰነጠቁ። ዱላው በየቀኑ እየወረደባቸው!

የገጠር ልጅ፦ ተደብዳቢውን ለምን ተደበደብክ ማለት ቀላል ነው። ግን ያልሽው ሐቅ አለው።

ነገረ ፈጅ፦ አንድ ነገር እየተምታታ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መሆንና አምባገነን መሆን ይለያያል። በመሃል ሁለት ዓመት ከምናምን አለ። በ1923 የአቼርቦ ሕግ ወጣ። ቢያንስ ሩቡን ድምፅ አግኝቶ አንደኛ የወጣ ከወንበሩ ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል የሚል። ይህን ያጸደቀው ያው ፓርላማ ነው። በ1924 ምርጫ ተደረገ። ማቴዎቲ የተባለው የሶሻሊስት ተወካይ ሜይ 30 ቀን ተነስቶ፣ እየተረበሸ፣ ምርጫው በዱላ የተካሄደ ነው ብሎ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ጁን 10 ታፈነ። ሬሳው የተገኘው ኦገስት ላይ ነው። ተቃዋሚዎቹ ምክር ቤቱን ጥለው ወጡ። ወጥተው ምን አደረጉ? ንጉሡን ጠበቁ! ንጉሡ ዝም አለ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1925 ሙሶሊኒ ቆሞ ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ፣ ምን ታመጣላችሁ የሚል ንግግር አደረገ። ማንም ምንም አላመጣም። በ1926 ፓርቲዎቹ ተዘጉ።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ለኛ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የሮሙን ዘመቻ ከመሩት አራት ሰዎች አንዱ ዴ ቦኖ ነው። በ1935 መረብን ተሻግሮ የገባብንም እሱ ነው። ያ አዋጁን ያልፈረመው ንጉሥ ደግሞ በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ለዝምታው እኛን ተከፈለበት። በጁላይ 1943 ግን ያው ሰው ሙሶሊኒን አስጠርቶ ሻረው፣ ከግቢው ሳይወጣ አሳሰረው። ይቻል ነበር ማለት ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ በ1943 የቻለው እንግሊዝና አሜሪካ ሲሲሊ ላይ ስለወረዱ፣ ሮምም ስለተደበደበች ነው። የራሱ የፋሺስት ምክር ቤት ሳይቀር በሙሶሊኒ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ ዴ ቦኖም ጭምር! የወደቀ ሰው መጣል ምን ጀግንነት አለው? 1922ን ከዚያ ጋር አታወዳድሩ።

ነገረ ፈጅ፦ 1922ን ተወው እሺ። 1924ን ውሰድ። ማቴዎቲ ሲጠፋ አገሩ ተንጫጫ፤ ሰው የፋሺስት ፓርቲውን ምልክት ከኮቱ ላይ እየነቀለ ይደብቅ ነበር። ሠራዊቱ የንጉሡ ነው። ውጭ ጠላት የለ፣ ቦምብ የለ። ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት እያለ እስከ ዲሴምበር ድረስ ጊዜ ነበር። ዱላው ንጉሡን ቤተ መንግሥቱ ድረስ ገብቶ አስፈራራው ልትለኝ ነው? ይሄን መልስልኝ።